አትክልት በከሰል ስትጠብሱ ፍሙን ወደ አንድ ጎን

የጓሮው አትክልት በአንዴ ሲደርስ ሁሉንም ድስት ውስጥ መክተት የለባችሁም። የከሰል ጥብስ ያምርበታል። ለጀማሪ ዋናው ነገር እሳቱ ነው። ነበልባል እያለ ምንም አትጣዱ። ከሰሉ አመድ ለብሶ ግራጫ እስኪመስል ጠብቁ፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ ፍሙን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት። ቃሪያና ዝኩኒው ፍሙ ላይ ጠቆር ሲሉ ወደ ባዶው ጎን ገፋ አድርጓቸው። ውስጣቸው እዚያ ቀስ ብሎ ይበስላል።

ዘይቱን ፍርግርጉ ላይ ሳይሆን አትክልቱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የሚንጠባጠብ ዘይት ነበልባል ያስነሳል። ዝኩኒን ቀድሞ ጨው መነስነስ ውሃውን ያወጣዋል፤ ልትጥዱት ስትሉ ይሁን። ደበርጃን ግን ሙሉውን ጣዱት (ለኔ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው)። እንዳይፈነዳ በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉት። ቆዳው ቢያር ግድ የለም፣ የሚበላው ውስጡ ነው። ቲማቲም ከሆነ ጠንከር ያለውን ምረጡ፤ በጣም የበሰለው ፍርግርጉ ላይ ይፈርሳል።

ቤት ውስጥ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት። ጭሱ ቢጠፋም ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።