ብርቅዬ የሙከራ ፊልሞችን ፈልጎ ለማየት

ብዙዎቹ የሙከራ ፊልሞች (ታሪክ ከመተረክ ይልቅ በምስል፣ በብርሃንና በፊልሙ በራሱ የሚሞክሩ ሥራዎች) በ16 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም በጥቂት ቅጂ ብቻ ተባዝተው፣ ከመደበኛ ሲኒማ ቤቶች ይልቅ በፊልም ሠሪዎቹ ማኅበራት በኩል እየተከራዩ የኖሩ በመሆናቸው፣ ፍለጋውን ከአከፋፋዩ መጀመር ይሻላል። እንዲህ ያሉት አከፋፋዮች፣ የሳን ፍራንሲስኮው ካንየን ሲኒማና የፓሪሱ ላይት ኮን፣ የፊልሞቻቸውን ዝርዝር፣ ርዝመትና የቅጂ ዓይነት በድረ ገጻቸው ያስነብባሉ። ኒው ዮርክ ለሚገኝ ሰው ደግሞ በ1970 የተከፈተው፣ የሙከራ ፊልሞችን የሚያስቀምጠውና የሚያሳየው አንቶሎጂ ፊልም አርካይቭስ አለ።

ለጀማሪ የምመርጠው የአሜሪካዊውን የሙከራ ፊልም ሠሪ የስታን ብራኬጅን «ሞዝላይት» (1963) ነው። አራት ደቂቃ የማይሞላውን ይህን ድምፅ አልባ ፊልም ብራኬጅ የሠራው ያለ ካሜራ ነው፤ የእሳት እራት ክንፎችን፣ ቅጠሎችንና የሣር ቅንጣቶችን በግልጽ ማጣበቂያ ፕላስተር መካከል አጣብቆ በፊልም ላቦራቶሪ አስባዛው። ብርሃን ሲያልፍበት የክንፉ ሥሮች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ከመቅጽበትም ይጠፋሉ። ይህን ውበት በቃል መተካት አይቻልም።

ሲመለከቱት ክፍሉን ያጨልሙ፤ ድምፅ የለውም ብለው ሙዚቃ አይክፈቱበት፤ በምስሎች መካከል ሰው ሠራሽ ምስሎችን የሚጨምረውን የቴሌቪዥኑን እንቅስቃሴ ማለስለሻም ያጥፉ። እያንዳንዱ ምስል ከቀጣዩ ፈጽሞ ስለሚለያይ፣ በኢንተርኔት የሚገኙ የተጨመቁ ቅጂዎች ክንፉን ወደ ደብዛዛ አራት ማዕዘኖች ይለውጡታልና የተሻለ የዲስክ ቅጂ ይፈልጉ። በመጀመሪያው ዕይታ ታሪክ አይፈልጉ፤ ዓይንዎ ብቻ ይከተል። ወዲያው ደግመው ይዩት፤ በሁለተኛው ጊዜ የትኛው ክንፍ፣ የትኛው ቅጠል እንደሆነ መለየት ይጀምራሉ።