«ጣፋጭ ነው» ካሉ በኋላስ? በምግብ በኩል የኮሌጅ ጽሑፍ ማስተማር

ተማሪዎቻችሁን ስለ ምግብ ጻፉ በሏቸው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የምታገኙት ቃል የታወቀ ነው፦ «ጣፋጭ»። በአማርኛ ደግሞ ይህ ቃል ስኳር የበዛበትንም፣ ደስ የሚለውንም ምግብ አንድ ላይ ስለሚሸፍን ጸሐፊው ምን እንደቀመሰ አናውቅም። እኔ ብሆን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እሱን፣ «ምርጥ»ንና «ልዩ»ን እከለክላለሁ።

ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጉማጅ ብርቱካን ስጡ። አፍንጫቸውን ይዘው ያኝኩ፣ ግማሽ ላይ ሲደርሱ ይልቀቁት። የብርቱካኑ ቃና ያኔ ነው ከተፍ የሚለው፤ ምላስ በዋናነት የሚለየው ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና ኡማሚ የተባለውን (የሥጋ መረቅ ዓይነት ጣዕም) ሲሆን ሌላው አብዛኛው ነገር ከጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነውና። ወዲያው 10 ደቂቃ ይጻፉ። ሳይሰርዙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ማንንም በግድ አታስበሉ። የሚጾም አለ፣ አለርጂ ያለበት አለ፣ ከምግብ ጋር ከባድ ትግል ውስጥ ያለ አለ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣም አለ። ማሽተት ወይም ከትዝታ መጻፍ እኩል ዋጋ ይኑረው።

ቀጥሎ የምግብ አሠራር አስጽፏቸው። እንቁላል መቀቀል ይበቃል። ጽሑፉን ጓደኛቸው ይውሰደውና ምንም ሳይገምት፣ የተጻፈውን ብቻ ይዞ፣ የሚነሱበትን ጥያቄዎች ጽፎ ለጸሐፊው ይስጥ። «እስኪበስል ድረስ» ይላል፤ መብሰሉን በምን አውቃለሁ? ውሃው ከፈላ በኋላ ነው ወይስ ከመፍላቱ በፊት የምከተው? ጸሐፊው ዝም ብሎ ያንብብ፣ በቃል ማስረዳት የለም። አንባቢን ማሰብ የሚባለውን ነገር ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር መልመጃ አላውቅም።

ክርክር ላይ ስትደርሱ የምግብ ብክነትን ውሰዱ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2011 ለሰው ከሚመረተው ምግብ ሲሶው ያህል፣ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ እንደሚጠፋ ገምቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ደግሞ በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 የባከነው 1.05 ቢሊዮን ቶን ነው ይላል። ቸኩሎ የሚያነብ ተማሪ «ብክነት ቀነሰ» ብሎ ይደመድማል። አልቀነሰም ማለቴም አይደለም፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ማወዳደር አይቻልም። የመጀመሪያው ከእርሻ እስከ ገበታ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ሁለተኛው መደብር፣ ምግብ ቤትና መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚደፋውን፣ ልጣጭና አጥንቱን ጨምሮ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም አትሳሱ።

ከዚያ ረቂቃቸውን ይለዋወጡ። ቁጥር ባገኙበት መስመር ሁሉ ዳር ላይ «ማን ለካው? ከየት እስከ የት?» ብለው ይጻፉ፤ ጸሐፊው መልስ ካላገኘለት ቁጥሩ ከጽሑፉ ይወጣል።