ሆድ ይፍጀው ማለት ይቅር

ከመንዝና ከቡልጋ ተነስተው ሌክቸረር የሆኑ፣ ለዶክትሬት አውሮፓና አሜሪካ የገቡ ሴት ልጆች፣ በዘራቸውና በሴትነታቸው ሥራ ቦታ የደረሰባቸውን በደል ሊነግሩኝ ማታ ማታ ደብረ ብርሃን ይደውሉልኛል። በደሉ ይለያያል። የሚሠሩት ስህተት ግን ያው ነው።

የሚያናድደኝ «ሆድ ይፍጀው» የሚሉት ነገር ነው። ሴት ቻይ ናት ተብለን አድገናል። አንዷ ጋወን ለብሳ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆማለች፤ ባልደረባዋ የጽዳት ሠራተኛ መስላው ቆሻሻ አንሺልኝ አላት። ሳቅ ብላ አነሳችለት! ከወራት በኋላ አቤት ልትል ስትነሳ ቀኑም ጠፍቷታል፣ አጠገቧ ማን እንደነበረም። ምን ይዛ ትከራከር? የኔ እናት፣ የዚያኑ ዕለት ማታ ጻፊው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የነበሩ ሰዎች። «ናቀኝ» አትበይ፤ ያለውን ቃል እንዳለ አስፍሪ። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጪው። አለቃሽ በቃል የነገረሽንም «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብለሽ በኢሜይል መልሰሽ ላኪለት። ብዙው እዚህ ላይ አደብ ይገዛል።

«በዘሬ ነው በሴትነቴ?» እያልሽም አትድከሚ። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ አምስት ጥቁር ሴቶች ጄኔራል ሞተርስን ከሰው፣ ፍርድ ቤቱ ሁለቱን አድልዎ አጣምሬ አላይም አላቸው። ኩባንያው ሴት ቀጥሯል ተባለ፤ የተቀጠሩት ግን ነጮች ነበሩ። የሕግ ምሁሯ ኪምበርሊ ክሬንሾ እ.ኤ.አ. በ1989 ያንን ፍርድ አንስታ ነው ሁለቱ የተደራረቡባት ሴት እንዴት ከሕጉ ዓይን እንደምትሰወር ያሳየችው። አቤቱታሽ ላይ ሁለቱንም ጻፊ።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ሁሌ ሴት፣ ቡና አፍይም ሴት። ይኼ እንኳ ባሕር መሻገር አይጠይቅም፣ እዚሁም ሞልቷል። ለማዕረግ ዕድገት ሚዛን የሚደፋው ሕትመት ነው። ኮሚቴ ካስገቡሽ የምደባ ደብዳቤ ጠይቂ።

ኮሪደር ላይ «አይዞሽ፣ ልክ አልነበረም» የሚልሽን ሁሉ ምስክር አድርገሽ አትቁጠሪ። «ይህን ትጽፍልኛለህ?» በይው። ወዲያው ስብሰባ ይረፍድበታል።

እንቅልፍ ካጣሽ፣ የአለቃሽን ድምፅ ስትሰሚ ልብሽ ከዘለለ፣ «ደክሞኝ ነው» እያልሽ አትቆዪ። ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል መግባትና ሐኪም ማየት አይጣሉም።

በንዴት መልቀቂያ መጻፍም አለ። መጀመሪያ አማካሪ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ ቪዛሽ በምን ላይ እንደተንጠለጠለ እይ። እዚህ ያለ ዩኒቨርሲቲ ልኮሽ ከሆነ ደግሞ ተመልሰሽ ልታገለግዪ ፈርመሻል። ዋስ የሆነሽም አጎትሽ ነው። ውሉን ሳታነቢ ምንም ወረቀት አትላኪ።