በድሬ ሙቀት የገና ቸኮሌትና ሚንት ኩኪስ አጋገር

አቦ፣ መጀመሪያ ቅቤውን ወደ ፍሪጅ መልሱት። የፈረንጅ የኩኪስ አሠራር ሁሉ «ቅቤው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይለስልስ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እነሱ ውጭ በረዶ እየጣለ ነው የሚጋግሩት። ድሬዳዋ ላይ ቅቤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ሱቅ ደርሳችሁ ብትመለሱ የሚጠብቃችሁ ዘይት ነው። ታኅሣሥ ለኛ ቀዝቃዛ ወር ነው እርግጥ። ግን ቀዝቃዛ የምንለው ማታ ማታ ነጠላ የሚያስደርበውን ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከውጭ ለበዓል የመጣች የአክስቴ ልጅ የቸኮሌትና ፔፐርሚንት ኩኪስ አሠራር ወረቀት ላይ ጽፋልኝ ሄደች። እነሱ ዘንድ የገና ሰሞን ጣዕም ነው፤ እኛ ቤት ዶሮ ወጡ ሲሸት በዓል መድረሱ እንደሚታወቀው። እንደተጻፈው ሠራሁት። ትሪው ላይ ለየብቻ የደረደርኳቸው ኩኪሶች ከኦቨን ሲወጡ አንድ ትልቅ ቂጣ ሆነዋል። ልጆቹ እየቆራረሱ በሉት። እንግዳ ፊት ግን የሚቀርብ አልነበረም።

ሐረር ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። 50 ኪሎ ሜትር ብትርቁን ነው፤ ከፍታችሁ ግን ከኛ በ600 ሜትር በላይ ይበልጣል። የናንተ ቅቤ ሰው ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ጾሙ ነው። የገና ጾም ህዳር 15 ገብቶ እስከ በዓሉ ይዘልቃል። ቅቤና እንቁላል የገባበትን ሊጥ በጣት ላስ አድርጎ መቅመስ የለም። ስለዚህ ይሄ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም፣ መዝኑ። እኔ ቤት ቀማሹ የጎረቤቶቻችን ልጅ ነው። በረመዳን ደግሞ የነሱን ሾርባ ጨው የምቀምሰው እኔ ነኝ።

የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦ 200 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር ያልገባበት የካካዎ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 180 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የፔፐርሚንት ኤክስትራክት (የሚንት ጣዕም የሚሰጠው ፈሳሽ)፣ 150 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ 10 ያህል ጠንካራ የሚንት ከረሜላ። 26 ያህል ኩኪስ ይወጣዋል። የወጥ ቅቤ አይሆንም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ከሚንት ጋር ይጣላሉ። ከረሜላው ታይዋን ገበያችንም ሆነ ሰፈር ሱቅ አይጠፋም።

«ናና እያለ ኤክስትራክት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር። ቅጠሉን ከትፌ ሊጡ ውስጥ ጨመርኩት፤ ከኦቨን ሲወጣ የቀረው የሣር ሽታ ነው። ለሻይ የምንጠቀመው ናና የፔፐርሚንት ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም። ፔፐርሚንት ሜንቶል በብዛት አለው። አፍ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚያደርገው እሱ ነው። አፋችን እውነት ቀዝቅዞ አይደለም፤ ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለየውን ነርቭ አታሎት ነው። በሙቀት አገር ይህቺ ማታለል ትወደዳለች።

ግን ልኩን አትለፉ። አንዴ «ሽታው አልወጣም» ብዬ ማንኪያውን ሞልቼ ጨመርኩ። ኩኪሱ የጉንፋን ቅባት፣ የጉንፋን ቅባት አለ። ጠርሙሱ ላይ «ዘይት» የሚል ካለ ደግሞ ከኤክስትራክት በጣም ይበረታል። ለምግብ የሚሆን መሆኑን አይታችሁ 2 ወይም 3 ጠብታ ብቻ ጣል አድርጉ።

አሁን ወደ ሥራው። ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሩ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ። ዱቄቱን፣ ካካዎውን፣ ሶዳውንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ንፉ። ካካዎ መጓጎል ይወዳል።

ቅቤውን ከፍሪጅ አውጥታችሁ በትንንሹ ቁረጡና 10 ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ይበል እንጂ ጣት አያርስ። ከስኳሩ ጋር 2 ደቂቃ ያህል ምቱት። እንቁላሉን፣ ቫኒላውንና ሚንቱን ጨምራችሁ ድገሙ። ቀጥሎ የተነፋው ዱቄት በሁለት ዙር ይገባል። ነጭ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም ተዉት፤ ብዙ ከታሸ ይጠጥራል። ከቸኮሌቱ 50 ግራሙን ከትፋችሁ ጨምሩ፣ የቀረው ለኋላ ይቆይ።

ሊጡን ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት። ድሬ ላይ ይቺን ሰዓት መዝለል የለም። ከዚያ ከሎሚ አነስ አድርጋችሁ አድቦልቡሉና የመጋገሪያ ወረቀት የተነጠፈበት ትሪ ላይ አራርቃችሁ ደርድሩ። በመዳፍ ጠፍጠፍ አድርጉና ከነትሪው ለ15 ደቂቃ ወደ ፍሪጅ መልሱ። ኦቨኑ እስከዚያ 180 ዲግሪ ይሙቅ።

10 ደቂቃ ይበቃዋል። ሊጡ ጥቁር ስለሆነ ቀለም አይቶ መብሰሉን ማወቅ አይቻልም። ጠርዙን ንኩት። ጠርዙ ጠንከር፣ መሐሉ ለስለስ ካለ አውጡ። ጥሬ ይመስላል፣ ግን ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ሲቀመጥ ይረጋል። እስኪጠነክር ኦቨን ውስጥ ከተዋችሁት ሲበርድ ድንጋይ ነው። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ የያዘው ሙቀት ብዙ ጊዜ ያደርሰዋል። ሁለተኛውን ዙር የጋለ ትሪ ላይ አታስቀምጡ፤ ኦቨን ሳይገባ ይቀልጣል።

ከረሜላውን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ በዘነዘና ቀጥቅጡ። የነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ አጠገብ እንዳትደርሱ። የቀረውን 100 ግራም ቸኮሌት የፈላ ውሃ ያለበት ድስት አፍ ላይ በተቀመጠ ሳህን አቅልጡ። አንዲት ጠብታ ውሃ ብትገባበት ይጓጉላል፣ ሳህኑና ማንኪያው ይድረቁ። ፍጹም የበረደውን ኩኪስ እስከ ግማሹ ነከር አድርጉ፣ ከረሜላውን ነስንሱበት። ከመጋገሩ በፊት የነሰነሰው ሰው እዚህ አለ፤ ከረሜላው ቀልጦ ወረቀቱን ይዞ ቀረ።

ቸኮሌቱ ጠረጴዛ ላይ ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ። ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ አቅርቡ። ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከዳቦው ጋር ካደረ የበዓሉ ዳቦ ሁሉ ሚንት ሚንት ይላል።

ከሊጡ ግማሹን አድቦልቡላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡ ለጥምቀት ይደርሳል። ሳይሟሟ በቀጥታ ወደ ኦቨን ይገባል፣ 2 ደቂቃ ብቻ ጨምሩለት።