ከሱፐርናቹራል አንድ ክፍል ወስዶ ጠረጴዛ ላይ መጫወት

ሱፐርናቹራል የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከነፍሴ ነው የምወደው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2020፣ 15 ሲዝን፣ 327 ክፍል። ሁለት ወንድማማቾች በጥቁር የ1967 ኢምፓላ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ጭራቅ ያሳድዳሉ። ያንን ስሜት ከጓደኞቻችሁ ጋር ማምጣት ከፈለጋችሁ «ሞንስተር ኦፍ ዘ ዊክ» የሚባለውን ጨዋታ ያዙ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ አንዳችሁ ታሪኩንና ጭራቁን ትመራላችሁ፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አዳኝ ገጸ ባህሪ ይሆናሉ። ከዚህ በታች ያለው ለመሪው ነው።

መጀመሪያ የጭራቁን ድክመት ወስኑ። መልኩ በኋላ ይደርሳል። በድራማው መንፈስን ጨውና ብረት ለጊዜው ያርቁታል፤ ለማጥፋት ግን አጽሙን ቆፍሮ፣ ጨው ነስንሶ ማቃጠል ነው። እንግዲህ ጨዋታው ማለት ተጫዋቾቹ ያ መቃብር የማን እንደሆነና የት እንዳለ እስኪደርሱበት ያለው መንገድ ነውና ፍንጩን አንድ ቦታ ብቻ አትደብቁት፣ ሦስት ቦታ በትኑት።

ከዚያ ማንም ባያስቆመው ጭራቁ ምን እንደሚያደርግ በ6 ደረጃ ጻፉ። ይህቺን በፍጹም አትዝለሉ! ተጫዋቾቹ ሲዘገዩ ቀጣዩ ደረጃ ይመጣል፣ የሚያውቁት ሰው ይሞታል፣ ያኔ ሁሉም ወንበሩ ላይ ቀጥ ይላል።

ዳይሱ ቀላል ነው። ተጫዋች አደገኛ ነገር ሲሞክር ይጣላል። ሁለት ባለ 6 ገጽ ትጥላላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ የገጸ ባህሪውን ነጥብ ታስገባላችሁ። 10 እና ከዚያ በላይ ተሳካ። 6 እና ከዚያ በታች ነገር ተበላሸ። ከ7 እስከ 9 ይሳካል፣ ግን ያስከፍላል፤ እኔ የምሞትለት ይሄኛው ነው። ለምሳሌ ለተጫዋቾቹ እንዲህ ትሏቸዋላችሁ፦ በሩን ዘጋችሁ፣ ደፉ ላይ የነሰነሳችሁት ጨው ግን በእግራችሁ ተበተነ። መስኮቱ በብርድ ማላብ ጀመረ።

ከዚያ «ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ዝም በሉ።