ከድራፍት በፊት የኮሌጅ ኳርተርባክን እንዴት ማየት እንዳለባችሁ

እዚህ ዲሲ ዙሪያ ያለን ሐበሾች ጄይደን ዳንኤልስ ከመጣ ወዲህ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን ስለሚወረውረው ዋና ተጫዋች፣ ስለ ኳርተርባክ ሳናወራ አንውልም። ዋሽንግተን በ2024 ድራፍት (የፕሮ ሊጉ የኤንኤፍኤል ቡድኖች የኮሌጅ ልጆችን በየተራ የሚመርጡበት) በ2ኛ ምርጫ ወሰደው፣ በመጀመሪያ ዓመቱ በመደበኛው ሲዝን 12 ጨዋታ አሸንፈው እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ ደረሱ። ከዛ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ልጁ እንደዚህ እንደሚሆን ኮሌጅ እያለ ይታወቅ ነበር ወይ? ሙሉ በሙሉ ባይሆንም የት ማየት እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ብዙው ይታይ ነበር።

እኔ ይሄን ነገር በደብተር መያዝ የጀመርኩት በ2012 ነው። ያኔ ዋሽንግተን ከ6ኛ ወደ 2ኛ ምርጫ ከፍ ለማለት ራምስ ለሚባለው ቡድን ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጥቶ ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፊንን አመጣ። የመጀመሪያ ዓመቱ እሳት ነበር፣ ግን ጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳና ከዛ በኋላ የድሮው ልጅ ሆኖ አልተመለሰም። በዛው ድራፍት ያው ቡድን በ4ኛ ዙር፣ በ102ኛ ምርጫ ሌላ ኳርተርባክ፣ ከርክ ከዝንስን ወስዶ ነበር፣ እሱ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ተጫወተ። ስለዚ የምርጫው ቁጥር ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ልጁ ብዙም አይነግራችሁም፣ ልጁን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ። ድራፍቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ስለሆነ ኮሌጁ ጃንዋሪ ላይ ካለቀ በኋላ በቂ ጊዜ አላችሁ።

1. ሃይላይቱን ዝጉትና ሙሉ ጨዋታ ክፈቱ

ሃይላይት ላይ መጥፎ ኳርተርባክ የለም። ለአንድ ልጅ ቢያንስ አራት ሙሉ ጨዋታ ምረጡ፣ አንዱ የተሸነፈበት ይሁን፣ አንዱ ከጠንካራ ዲፌንስ ጋር፣ አንዱ ሜዳው ላይ ያልሆነ፣ አንዱ ደግሞ ከዛ በፊት ከነበረው ዓመት። እኔ ሁሌ ከተሸነፈበት ነው የምጀምረው ምክንያቱም በ20 ነጥብ እየመሩ ሁሉም ሰው ጀግና ነው። የቲቪ ካሜራ ሴፍቲዎቹን (ኋላ የሚቆሙትን የመጨረሻ ተከላካዮች) ብዙ ጊዜ ስለሚቆርጣቸው 22ቱም ተጫዋች የሚታዩበት የአሰልጣኞች ቪዲዮ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፣ ካላገኛችሁ ደግሞ ከኳርተርባኩ ጀርባ የተቀረጸውን ሪፕሌይ ጠብቁ።

2. ኳሱን ተዉት፣ አይኑንና እግሩን እዩ

ይሄ ዋናው ነው፣ ሌላውን ብትዘሉ እንኳን ይሄን አትዝለሉ። ሰው በተፈጥሮው ኳሷን ነው የሚከተለው፣ ኳሷ ደግሞ የምትነግራችሁ ውጤቱን ብቻ ነው፣ ሪሲቨሩ (ኳስ ተቀባዩ) በአንድ እጁ ቀልቦ ያዳነው መጥፎ ውርወራም እዛ ላይ ጥሩ ሆኖ ይመዘገባል።

እንዲህ አድርጉ። 3ኛ ሙከራ ሆኖ 8 ያርድ የቀረበትን ጨዋታ ፈልጉ፣ ሁሉም ሰው ፓስ እንደሚመጣ የሚያውቅበትን። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ፖዝ አድርጉና ኋላ ስንት ሴፍቲ እንዳለ ቁጠሩ፣ አንድ ነው ሁለት? አሁን ልቀቁት። ኳሱ ሲነሳ አንዱ ሴፍቲ ቦታ ከቀየረ ልጁ አይቶታል ወይ? ጭንቅላቱ ከአንዱ ሪሲቨር ወደ ሌላው ይዞራል ወይስ መጀመሪያ ያሰበው ላይ ተተክሎ ይቀራል? አይኑ አንድ ሪሲቨር ላይ የሚደርቅ ልጅ ፕሮ ሲገባ ኢንተርሴፕሽን (ተከላካይ የሚቀልበው ውርወራ) ያበዛል፣ ምክንያቱም እዛ ሴፍቲዎቹ የሚያነቡት ኳሱን ሳይሆን አይንን ነው።

ከዛ መልሱትና ያንኑ ጨዋታ እንደገና እዩ፣ አሁን ከወገቡ በታች ብቻ። የቀኝ ጠባቂው ተበለጠ እንበል፣ ትልቁ ሰውዬ በጎን እየመጣ ነው፣ እጁ ሊደርስበት አንድ ክንድ ቀርቶታል። እዚህች ላይ ልጆች በሦስት ይከፈላሉ። አንዱ አይኑን ከሜዳው አንስቶ የሚመጣበትን ሰውዬ ያያል፣ እሱ ጨዋታ አልቋል ማለት ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ እየዞረ ይሮጣል፣ ኮሌጅ ውስጥ ፈጣን ስለሆነ ያመልጣል፣ ፕሮ ላይ ግን ያ ትልቅ ሰውዬ ራሱ ፈጣን ነው። ሦስተኛው ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ይገባል፣ ሰውዬው ከጀርባው ያልፋል፣ አይኑ ግን ሜዳው ላይ እንዳለ ነው፣ ከዛ ይወረውራል። በቃ ያችን ግማሽ እርምጃ ፈልጉ። ቶም ብሬዲ 40 ያርዱን በ5.28 ሰከንድ የሮጠ ሰው ነው፣ በ2000 በ199ኛ ምርጫ ነው የተወሰደው፣ እና በዛ እግር ሰባት ሱፐር ቦውል ያነሳው ያችን ግማሽ እርምጃ ከማንም በላይ ስለሚያውቃት ነው ብዬ አምናለሁ።

ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩና ጫና የመጣበትን እያንዳንዱን ጨዋታ በጭረት መዝግቡ፣ አራት ጨዋታ ስትጨርሱ ልጁ ማን እንደሆነ ጭረቶቹ ይነግሯችኋል። ጫና መጥቶበት ስንቴ እንደወደቀም ለብቻው ቁጠሩ፣ ሳክ (ኳሱን ሳይወረውር መውደቁ) ሁሌ የጠባቂዎቹ ጥፋት አይደለም፣ ኳስ ይዞ የሚቆይ ልጅ ሳክ የመብላት ልማዱን ይዞት ነው ወደ ፕሮ የሚሄደው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኮሌጅ ላይ ሳክ ሲሆን የጠፋው ያርድ ከሩጫው ላይ ነው የሚቀነሰው፣ ፕሮ ላይ ግን እንደዛ አይደለም፣ ስለዚ የኮሌጅ ኳርተርባክን የሩጫ ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት።

3. ክንዱን በጎን ውርወራ ለኩት

60 ያርድ መወርወር ያምራል ግን በጨዋታ ስንቴ ይፈለጋል? እኔ የማየው ሌላ ነው። ኳሱ ሜዳው ውስጥ ግራ በኩል ያለው የመነሻ መስመር (ሃሽ) ላይ ሆኖ ልጁ ቀኝ ጠርዝ ላይ ላለ ሪሲቨር 15 ያርድ ሲወረውር እዩት። ኮሌጅ ላይ ከዛ መስመር እስከ ሩቁ ጠርዝ 33 ያርድ አካባቢ ነው፣ ኳርተርባኩ ደግሞ 7 ያርድ ወደ ኋላ ቆሟል፣ ስለዚ ቁጥሩ ላይ 15 ያርድ ተብሎ የሚጻፈው ኳስ አየር ላይ ወደ 40 ያርድ ይሄዳል። ፕሮ ላይ መስመሮቹ ወደ መሃል ስለሚጠጉ ርቀቱ ትንሽ ያጥራል፣ ተከላካዮቹ ግን በጣም ይፈጥናሉ። ኳሱ ከእጁ የወጣው ሪሲቨሩ ከመዞሩ በፊት ነው ወይስ ከዞረ በኋላ? ከዞረ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ጉልበት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጃማርከስ ራስል ያን የሚያህል ክንድ ይዞ በ2007 1ኛ ተመረጠ፣ ከሦስት ሲዝን በኋላ ከሊጉ ወጣ። ጆሽ አለን ደግሞ ዋዮሚንግ እያለ ከወረወረው ያገኘው 56 ፐርሰንት ብቻ ነበር፣ በ2018 በ7ኛ ምርጫ ሲወሰድ ብዙ ሰው ተቃወመ፣ ቡፋሎ ውስጥ እግሩንና አቋቋሙን ሠርቶ አስተካክሎ የ2024 ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ሁለቱን የለየው ክንድ አይደለም፣ ከተመረጡ በኋላ የሠሩት ሥራ ነው።

4. ቁጥሩን ፈትፍቱት

70 ፐርሰንት ያገኛል ሲባል ወዲያው አትደነቁ። ከኳሱ መነሻ ጀርባ የሚጣሉትን አጫጭር ፓሶች ለዩና አውጧቸው፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ቀጥሎ ስንት ጨዋታ ተሰልፎ እንደጀመረ እዩ። ሚቸል ትሩቢስኪ ኖርዝ ካሮላይና ላይ 13 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ በ2017 2ኛ ተመረጠ፣ ፓትሪክ ማሆምስ እስከ 10ኛ ተጠበቀ። ብሮክ ፐርዲ አይዋ ስቴት ላይ አራት ዓመት ተጫውቶ በ2022 የመጨረሻው 262ኛ ሆኖ ተመረጠና ሳን ፍራንሲስኮን ሱፐር ቦውል ይዞ ሄደ። ዳንኤልስም አሪዞና ስቴትና ኤልኤስዩ ላይ ተደምሮ 55 ጨዋታ ጀምሮ ነው የመጣው፣ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ 40 ታችዳውን ወርውሮ ኢንተርሴፕሽኑ 4 ብቻ ነበር።

ከዛ ከጎኑ ማን ነበር? የዳንኤልስ ሪሲቨሮች ማሊክ ኔበርስና ብራያን ቶማስ ሁለቱም ራሳቸው በአንደኛው ዙር ተመርጠዋል። ይሄ ልጁን አይጥለውም ግን ጥያቄውን ይቀይረዋል፣ ሪሲቨሩ ነጻ ሆኖ ነው የወረወረለት ወይስ ሰው ተለጥፎበት እያለ ኳሷን ተከላካዩ በማይደርስባት በኩል አስቀመጠለት? ይሄንንም በጭረት ቁጠሩት።

5. ኮምባይኑ ላይ ብዙ አትቆዩ

ኮምባይኑ ላይ፣ ማለትም ከድራፍቱ በፊት ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው የተጫዋቾች ፈተና የሚለካው ቁመት፣ የእጅ ስፋት ምናምን መታወቁ ጥሩ ነው፣ ግን ካይለር መሪም ብራይስ ያንግም 5 ጫማ ከ10 ኢንች ሆነው 1ኛ ተመርጠዋል። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ የሚደረገው ፕሮ ዴይ ላይ ደግሞ ተከላካይ ስለሌለ እኔ ነጥብ አልሰጥበትም። ወሬም እንደዛው ነው። በ2023 ሲጄ ስትራውድ አንድ የአእምሮ ፍጥነት ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ ተብሎ ድራፍቱ ሊደርስ ሲል ተወራበት፣ ሂውስተን በ2ኛ ምርጫ ወሰደውና የዓመቱ ምርጥ አዲስ የኦፌንስ (የማጥቃት) ተጫዋች ሆነ።

6. ማን ጋ ሊሄድ ነው?

ብዙ ሰው ይሄን ይረሳዋል፣ እኔ ግን ግማሹ ነገር እዚህ ነው ያለው እላለሁ። ላማር ጃክሰን በ2018 በ32ኛ ምርጫ ባልቲሞር ሲገባ ቡድኑ እሱን ለመለወጥ ከመታገል ይልቅ ኦፌንሱን በእሱ ልክ ሰፋለት፣ በ2019 በሙሉ ድምፅ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ማሆምስ ካንሳስ ሲቲ ላይ የመጀመሪያውን ዓመት አሌክስ ስሚዝ ጀርባ ሆኖ እየተማረ ነው ያሳለፈው፣ የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ስለዚ ከልጁ ስም ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፣ ጠባቂዎቹ እንዴት ናቸው፣ አሰልጣኙ በሚቀጥለው ዓመት ሊኖር ነው ወይ፣ ልጁ የሚወደውን ዓይነት ጨዋታ ይጫወታሉ ወይ። ያው ልጅ አንዱ ቡድን ጋ 1ኛ ዙር፣ ሌላው ጋ 3ኛ ዙር ሊሆንባችሁ ይችላል፣ ሁለቱንም ጻፉት።

የመጨረሻውን ፍርዳችሁን ከድራፍቱ ሌሊት በፊት ከነቀኑ ጻፉና ዝጉት፣ ቡድኖቹ ከመረጡ በኋላ አትንኩት። የአንደኛ ዙር ኮንትራት አራት ዓመት ነው፣ አምስተኛውን ቡድኑ ይፈልግ አይፈልግ የሚወስነው ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ነው፣ እናንተም ያኔ ደብተራችሁን አውጡና የግማሽ እርምጃዋን ዓምድ መጀመሪያ እዩ።