ሐምሌ የሚበርደው ምድር ከፀሐይ ስለራቀች አይደለም

ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። «ወቅቶች ለምን ይፈራረቃሉ?» ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚመጣው መልስ ግን አንድ ነው፦ «ስንቀርብ ይሞቃል፣ ስንርቅ ይበርዳል።» የሚያናድደኝ ይህ ስህተት እኛ አገር ምስክር ማግኘቱ ነው። ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ጋቢ የምንደርበውም ያኔ ነው። ተማሪው «ይኸው!» ይላል። ብርዱን ያመጣው ግን ደመናና ዝናብ ነው። ርቀት ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰሞን ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን በሙቀት ባልተቃጠለ። ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ምድር እስከ 147 ሚሊዮን ትቀርባለች፤ ዋሽንግተን ይበርዳል፣ ጆሃንስበርግ ይሞቃል። ሁለቱም ያሉት አንዲት ምድር ላይ ነው!

ለዚህ ስህተት የእኔም እጅ አለበት። የምድርን ምሕዋር፣ ፀሐይን የምትዞርበትን መንገድ፣ ሰሌዳ ላይ እንደ እንቁላል አሹልቼ ስስል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ሳሰላው ደነገጥሁ፦ ሥዕሉ አንድ ሜትር ቢሆን ርዝመቱና ወርዱ የሚለያዩት በ0.14 ሚሊ ሜትር ነው። የጠመኔው መስመር ራሱ ከዚያ ይወፍራል። መምህራን፣ ክብ አድርጋችሁ ሳሉት፤ ፀሐይን ከመሀሉ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ገፋ አድርጉ፣ በቃ።

ወቅት የሚፈራረቀው ምድር የምትሽከረከርበት ዘንግ ስላዘነበለ ነው። ይህን ሰምተው «ወደ ፀሐይ ያዘነበለው ወገን ለፀሐይ ስለሚቀርብ ነው» የሚሉም አሉ። የምድር ውፍረት 12,700 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለ150 ሚሊዮን ምኑም አይደለም። ቁም ነገሩ ጨረሩ ቀጥ ብሎ መውረዱና ቀኑ መርዘሙ ነው።

ብርቱካን በስክሪብቶ ወግቶ በሻማ ዙሪያ ማዞር ጥሩ ማሳያ ነው፤ ልጆቹ ግን ሲዞሩ ጫፉን ሁልጊዜ ወደ ሻማው ያዘነብሉታል። እንደዚያማ ቢሆን ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ በሞቀው ነበር። 23.5 ዲግሪ ያዘነበለው ዘንግ አቅጣጫውን አይቀይርም፣ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዳመለከተ ነው። ጫፉ በሩን ካየ፣ ዙሩ እስኪያልቅ በሩን ይይ። አንዷ ተማሪዬ አቅጣጫውን እጠብቃለሁ ብላ የኋሊት ስትራመድ ከሰሌዳው ጋር ተጋጨች፤ ብርቱካኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ወደድኳት።

ዊንተርን «ክረምት» ብላችሁ አትተርጉሙ፤ ዊንተር የፈረንጆቹ የብርድ ወቅት ነው፣ ክረምት ግን የእኛ የዝናብ ወቅት ነው።

«ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በጋ ነው» ማለትም አዲስ አበባ ላይ አይሠራም። እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትውለው ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ነው፤ ሁለተኛው ቀን የሚውለው ገና ዝናቡ ሳያባራ፣ ጃንጥላ ሳይታጠፍ ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ነው። ቦረና ላይ ሲያልፍ ዋናውን ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ለቦረና ልጅ «ክረምት ሐምሌ ነው» ብሎ ማስተማር አይገባም።

ካላመናችሁ ግቢ ውስጥ አንድ ሜትር እንጨት አቁሙ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥላው 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ደመናው ከገለጠላችሁ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ደቡብ።